የተረፈው ውሃ

«ልጅ የሌላቸው ይሁኑልኝ» ሲሉ ሰማቸው። «ባልና ሚስት ብቻ። አለዚያም አንዲት ላጤ፣ ጠዋት ወጥታ ማታ የምትገባ። እነዚህማ ውሃዬን ጨረሱት እኮ! ሮቶው ሞላ ስል ጎድሎ አገኘዋለሁ። የሕፃን ጨርቅ ነው፣ እንግዳ ነው፣ እጥበት ነው፤ ሰው በዛብኝ ልጄ፣ ሰው በዛብኝ።» ወይዘሮ በለጡ ከመኝታ ቤታቸው ሆነው ከደላላው ጋር በስልክ እየተነጋገሩ ነበር። ስልክ ሲያወሩ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠሩ ሁሉ ድምፃቸውን ስለሚያነሡ፣ ሳሎን የነበረው ልጃቸው ዘመንፈስቅዱስ አንዷም ቃል አላመለጠችውም። እሱ በዚያን ሰዓት ከዓሣዎቹ የመስታወት ሣጥን ፊት ተንበርክኮ፣ ከጣት የማትበልጥ ብልቃጥ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ፣ ቀለሟ እስኪለወጥ ይጠብቅ ነበር። ብልቃጧ ውስጥ ያለው ከሣጥኑ የተቀዳ ውሃ ነው፤ ጠብታና ዱቄት ጨምሮበታል፤ ቀለሙ በደመቀ ቁጥር ውሃው ቆሽሿል ማለት ነው። ፈዘዝ ያለ ሮዝ ብትሆንለት ደስ ባለው። እሷ ግን ቀስ እያለች የቀይ ሥር ጭማቂ መሰለች። ከግድግዳው ጀርባ፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ፣ የውሃ ማጣሪያው ሞተር እንደ ንብ ቀፎ እያጉረመረመ ይሠራል። ዘመንፈስቅዱስ ብልቃጧን እንደያዘ እዚያው ተንበርክኮ ቀረ። የእናቱን ውሃ የጨረሰው ማን እንደሆነ ያውቃል። የሕፃን ጨርቅ አይደለም።

ሣጥኑ ከቴሌቪዥን ማስቀመጫው ርዝመት አይበልጥም። ይሁን እንጂ ሳሎኑ ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ለሱ ቦታ የለቀቀለት ይመስላል። ቡፌው ወደ ጥግ ተገፍቷል፤ የአባቱ ትልቅ ፎቶግራፍ ከመብራቱ እንዲርቅ ወደ ኮሪደሩ ተሻግሯል፤ ዳንቴል የለበሱት ሶፋዎች ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው ወደ ሣጥኑ ዞረዋል። ውስጡ የባሕር ውሃ ነው፤ ማለት ከልዩ ጨውና ከተጣራ ውሃ እዚሁ ቤት የተበጠበጠ ባሕር። ከጅቡቲ በመጣ ድንጋይ ላይ ኮራሎች ተተክለዋል። ኮራል ለሚያየው አበባ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው፤ ብርሃን ሲያገኝ ክንዶቹን ይዘረጋል፣ ሲከፋው ይሰበስባል። በመካከላቸው ነጭ መቀነት የታጠቁ ብርቱካንማ ዓሣዎች፣ መዳፍ የምታህል ቢጫ ዓሣ፣ ሌሎችም ይመላለሳሉ። ሁሉንም ያመጣለት ጓደኛው ጆኒ ነው፤ መገናኛ የዓሣ ሱቅ አለው። አንድ ባንድ ነው የመጡት። ይቺስ ምን ቦታ ትይዛለች እየተባለ ሣጥኑ ሞላ።

ችግሩም የመጣው ከዚያ ነው። ዓሣ ይበላል፤ የበላውን ያወጣል፤ ሳይበላ የቀረውም ድንጋይ ሥር ገብቶ ይበሰብሳል። ከዚህ ሁሉ ውሃው ውስጥ የሚጠራቀም ነገር አለ፣ ናይትሬትና ፎስፌት የሚሉት። ጥቂቱ ለኮራሎቹ ምግብ ነው፤ ጭራሽ ከጠፋም ገርጥተው ይሞታሉ። ሲበዛ ግን አረንጓዴ አልጌ ድንጋዩን እንደ ጠጉር ይለብሰዋል፣ ኮራሎቹም ተራ በተራ ይከደናሉ። ዘመንፈስቅዱስ ይህን ሁሉ አንብቧል። ነገር ግን ማታ ከቢሮ ሲገባ ዓሣዎቹ መስታወቱ ላይ ተሰብስበው ይቀበሉታል፤ ሌላ የሚቀበለው ስለሌለ እጁ መሰሰት አይችልም። ቆንጥሮ ይሰጥና ደግሞ ይጨምራል። ከዚያ የሰጠው ያመጣውን ጣጣ ለማውጣት ውሃ ይለውጣል። መጀመሪያ በአሥራ አምስት ቀን ነበር፣ ኋላ በሳምንት፣ አሁን አንድ ቀን እየዘለለ ሆኗል። የቧንቧ ውሃ ደግሞ እንዳለ አይገባም፤ ውስጡ የሟሟው ነገር አልጌውን ይቀልበዋል፣ ስለዚህ መጣራት አለበት። ማጣሪያው ታዲያ አንድ ባልዲ ንጹሕ ውሃ ለመስጠት አራት ባልዲ ይጥላል። የሚጣለው በቀጭን ቱቦ ወለሉ ሥር ገብቶ በቤቱ ጀርባ ቦዩ ውስጥ ይፈሳል። ካራ ላይ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። በመጣ ቀን ሮቶው ይሞላል፤ በሌላው ቀን ሁሉም የሚኖረው ከሮቶው ነው። ጓሮ ያሉት ተከራዮች፣ እነ ሬድዋን፣ ከዚያው ሮቶ በግቢው ቧንቧ ይቀዳሉ። ቧንቧዋ ቁልፍ አላት። ቁልፉ ወይዘሮ በለጡ ጋ ነው።

«አልለበስክም እንዴ አንተ?» አሉት እናቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ብቅ ብለው። «ሃያ አንድ እኮ ነው። ቅዳሴው ሳይገባ መድረስ አለብኝ።»

ሞተሩን አጠፋ፣ ብልቃጧን አለቀለቀ፣ የመኪናውን ቁልፍ አነሣ። በየወሩ በማርያም ቀን፣ ሥራ ከሌለው፣ እንጦጦ ማርያም ያደርሳቸዋል። ማንም ለማንም በቃል ያልተናገረው፣ ግን ሁለቱም የሚያከብሩት ውል ነው። ከካራ ወርደው፣ ኮተቤን አልፈው መገናኛ እስኪደርሱ ወሬያቸው የሽንኩርት ዋጋ ነበር። ሽንኩርት ጨምሯል፤ ዘይትም ሊጨምር ነው ይባላል፤ የባልቴቷ የወይዘሮ አስካለች ልጅ አዲስ መኪና ገዝቷል፣ እናቱን ግን አንድም ቀን ቤተ ክርስቲያን አላደረሳትም። ወይዘሮ በለጡ ይህን የተናገሩት እሱን፣ ዘመንፈስቅዱስን፣ ለማመስገን መሆኑ ገብቶታል። በቀጥታ ማመስገን አያውቁበትም። ስድስት ኪሎ ላይ መብራት ያዛቸው። ሚኒባሱ፣ ጥሩንባው፣ በመስኮት የሚሸጠው ማስቲካና ሶፍት ከበባቸው። አረንጓዴ በራ፤ ሽሮ ሜዳን ማለፍ ሲጀምሩና የሐበሻ ልብሶቹ በሱቆቹ ደጃፍ ተንጠልጥለው ሲወዛወዙ፣ እንደማያውቅ ሰው ሆኖ ጠየቀ።

«ከማን ጋር ነበር ጠዋት ስልኩ?»

«ከተክለብርሃን ነዋ፣ ከደላላው።»

«እነ ሬድዋንን ልታስወጫቸው ነው?»

«ዛሬ እነግራቸዋለሁ። ጊዜ እሰጣቸዋለሁ፣ ግፍ አልሠራም።» ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

«ጥሩ ሰዎች ናቸው እኮ እማዬ።»

«መጥፎ ናቸው ወጣኝ? ውሃው ነው እንጂ።»

«ውሃውን እኮ…» ብሎ ጀመረ። መንገዱ እዚያ ላይ ሽቅብ ይታጠፋል። አሸዋ የጫነ መኪና ከላይ ሲንደረደር ድንገት ብቅ አለ፤ ዘመንፈስቅዱስ ፍሬን ያዘ፣ ወደ ጠርዙ ተጠጋ፣ መኪናው እየተንገጫገጨ አለፋቸው። እናቱ አማተቡ። እሱ ማርሽ ለወጠና ዳገቱን ያዘ። የጀመረውን ዓረፍተ ነገር አልቀጠለውም፤ ለአሸዋ ጫኙ መኪና ግን በልቡ አመሰገነ፣ ባመሰገነበት ቅጽበትም አፈረ።

እናቱ ወደ ውስጥ ሲገቡ እሱ ከቅጥሩ ውጭ ቀረ። እንጦጦ ላይ ፀሐይ ቢወጣም ብርዱ አይለቅም። ባሕር ዛፎቹ ይንሿሿሉ፤ ሥራቸው ያለው መሬት በደረቀ ቅጠል ተሸፍኖ ሲረግጡት ሽታው ሽቅብ ይወጣል። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከጫካው በኩል አጎንብሰው ይወርዳሉ፤ ከሸክማቸው በታች የሚታየው እግራቸው ብቻ ነው። በሌላው በኩል ቢጫ ጀሪካን የያዘ ሰው ለጸበል ይወርዳል፣ ሞልቶ ይመለሳል። አንዲት አሮጊት የሞላ ጀሪካናቸውን መሬት አስቀምጠው ሲያርፉ፣ ጠብታ እንዳይፈስባቸው ክዳኑን ሦስቴ አጠበቁት። ዘመንፈስቅዱስ ፊቱን መለሰና ለጆኒ ደወለ።

«ብሮ፣ ናይትሬቱ ስንት ገባ?» አለ ጆኒ፣ ገና ሰላም ሳይባባሉ።

«መለኪያ ካርዱ ላይ ካለው የመጨረሻው ቀለም አልፏል። ዛሬ ግማሹን ልለውጠው ነው።»

«ስማኝ። ውሃ በመለወጥ አትዘልቀውም። ትለውጣለህ፣ ትመግባለህ፣ ተመልሶ ይወጣል። ሣጥኑ ትንሽ ነው፣ አፍ በዝቶበታል። ቢጫዋን መልስልኝ፤ ሱቅ ትልቁ ውስጥ እከታታለሁ፣ እንደፈለገች ትዋኛለች። ከሌሎቹም ሁለቱን። የምትሰጣቸውን ፊዲንግ ደግሞ ቀንስ። ሲምፕል ነው።»

«ቢጫዋ የመጀመሪያዬ ናት።»

«አውቃለሁ። ለዛ ነው እኮ እስካሁን ዝም ያልኩህ።» ትንሽ ቆየና ለስለስ ብሎ ጨመረ፤ «በእልህ አይሆንም ዘመን። ወይ ውሃው ሰፊ መሆን አለበት፣ ወይ ያለው መብቃቃት አለበት።»

ስልኩን ዘጋ። ከቅጥሩ ውስጥ የቅዳሴው ዜማ ከፍ ዝቅ እያለ ይሰማል። አፍ በዝቶበታል። እናቱም ጠዋት ለደላላው ያሉት ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ልዩነቱ ጆኒ አፍ የበዛው የት እንደሆነ ማወቁ ነው። እናቱ ሲወጡ ሊነግራቸው ቁርጥ ሐሳብ አደረገ። ወጡ። በነጠላቸው መካከል ፊታቸው ፈክቶ፣ በአንድ እጃቸው የጸበል ጀሪካን ይዘው፣ እንደ ልጅ ተደስተው ወጡ። ተቀበላቸው፣ ጀሪካኑን መኪናው ውስጥ አስቀመጠ፣ ቁልቁል እስከ ካራ ድረስ ስለ ሰባኪው ሲያወሩለት ሰማ። ያንን ፊት ማጨለም አልቻለም። ለምሳ ስንቀመጥ እነግራታለሁ አለ።

ሳይደርሱ ግን ነገሩ ቀደመው። መኪናውን ከበሩ ውጭ ሲያቆም ናዲያ ሕፃኗን አዝላ፣ ባልዲ ይዛ ከጎረቤት ግቢ ስትወጣ አየ። ባልዲው እንዳይፈስባት እግሯን እየመጠነች ነው የምትራመደው። ባሏ ሬድዋን በሁለት እጁ ሁለት ጀሪካን ተሸክሞ ይከተላታል። ኮተቤ አነስተኛ የጫማ ሱቅ አለው፤ ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ዘግቶ ውሃ ማመላለስ ደንበኛ ማባረር እንደሆነ ዘመንፈስቅዱስ ያውቃል። ወይዘሮ በለጡ ከመኪናው ወርደው፣ ቦርሳቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ፣ እዚያው በሩ ላይ ጀመሩ። ሰውን ለማሳዘን የቆረጡ ደግ ሰዎች እንደሚያደርጉት ቶሎ ቶሎ ነበር የሚናገሩት።

«ሬድዋን ልጄ፣ እንዲያው ቤቱን ለሌላ ፈልጌዋለሁ። ቀስ ብላችሁ ቦታ ፈልጉ። አላጣድፋችሁም።»

ሬድዋን ጀሪካኖቹን አስቀመጠና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ሊጨብጣቸው ያሰበ ይመስል። «ያጠፋነው ነገር አለ እንዴ እማማ?»

«ኧረ ምንም! ውሃው ነው። ውሃው አልበቃ አለ። ሰው በዛ።»

«ከረቡዕ ጀምሮ እኮ ከግቢው አልቀዳንም» አለች ናዲያ ከባሏ ጀርባ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ተቆጥታም አይመስልም፣ ያልገባትን ነገር የምትጠይቅ ነው የምትመስለው። «ቧንቧው ተቆልፎ ነው የከረመው። ሮቶውን ታዲያ ማን ጨረሰው?»

ዘመንፈስቅዱስ የእናቱን ጸበል ይዞ ቆሟል። አሁን መናገር ነበረበት፤ አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ሬድዋን ሚስቱን በዓይኑ ዝም አሰኛትና «እሺ እማማ፣ እንፈልጋለን» አለ። ከዚያ ጀሪካኖቹን አንሥቶ ሲያልፍ፣ የወይዘሮ በለጡን የነጠላ አጣፋፍና ዘመንፈስቅዱስ የያዘውን ጀሪካን አይቶ፣ «ጋሽ ዘመን፣ እንኳን አደረሳችሁ» አለው። ከልቡ ነበር ያለው። ዘመንፈስቅዱስ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ምን ብሎ እንደመለሰ ግን ራሱም አልሰማውም።

ምሳው ላይም ያሰበውን ሳይነግራቸው ቀረ። ከአንድ ትሪ በሉ። እናቱ ከፊቱ ያለውን ሥጋ ወደ እሱ ገፉለት፤ እሱ መልሶ ወደ እሳቸው ገፋው። ሣጥኑ ከፊታቸው ያበራል። ከኮራሎቹ ግማሹ ተከድነዋል፣ ቢጫዋ ዓሣ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ እጁን ትከተላለች። እጁን ታጥቦ ተነሣ። እንደ ልማዱ የዓሣውን ምግብ ቆርቆሮ ሊያነሣ እጁ ተዘረጋ፤ ተወው። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ወደ ወለሉ ሥር የሚገባውን ቀጭን ቱቦ ከቀዳዳው ስቦ አወጣው። ረጅም ነው። በትንሿ መስኮት ወደ ግቢው አሾለከው፣ ወጥቶ ትልቁን የልብስ ሳፋ ሥሩ አስቀመጠ፣ ተመልሶ ሞተሩን አስነሣ።

ውሃው መጣ። እርሳስ የምታክል ቀጭን መስመር ናት፣ ግን አትቋረጥም። ዱካ አምጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ሳፋው ሞላ፤ ባልዲ ተካ። ባልዲው ሞላ፤ ጀሪካን ተካ። ውስጥ፣ በማጣሪያው ሌላ ጫፍ፣ ለሣጥኑ የሚሆነው ንጹሕ ውሃ የባልዲውን ወገብ እንኳ አልደረሰም። ጥላው ከግንቡ ተነሥቶ የኮባውን ሥር እስኪነካ እንደዚህ ተቀመጠ። ዕቃ ሲያልቅበት ከኩሽና ድስት አመጣ። ይህን ያህል እንደሚሆን እሱም አያውቅም ነበር፤ ዓይቶት አያውቅማ። አራት ባልዲ ብሎ ሲያነብ ቁጥር ነው። ግቢው ላይ ተደርድሮ ፀሐይ ሲያበራበት ግን የአንድ ቤት የሳምንት ኑሮ ነው።

ሬድዋን ከክፍሉ ወጥቶ ቆመ። የተደረደረውን ዕቃ፣ ከመስኮቱ የወጣውን ቱቦ፣ ዱካው ላይ ያለውን ሰውዬ ተራ በተራ አየ።

«ውሃ መጣ እንዴ ጋሽ ዘመን?»

«አልመጣም። ሮቶው ውስጥ የቀረው ነው።» ተነሥቶ ቆመ። ተቀምጦ መናገር አልሆነለትም። «ለዓሣዎቹ ውሃ አጣራለሁ። ይኼ ከማጣሪያው የሚጣለው ነው። እስከ ዛሬ ቦይ ውስጥ ነበር የሚፈሰው። ሮቶውን የጨረስኩት እኔ ነኝ፣ እናንተ አይደላችሁም። ጠዋት በሩ ላይ መናገር ነበረብኝ። ፈራሁ።»

ሬድዋን ጎንበስ ብሎ እጁን ሳፋው ውስጥ ነከረና አወጣ፣ ውሃ መሆኑን የሚያረጋግጥ ይመስል። «ይኼ ሁሉ?» አለ በመጨረሻ።

«ይኼ ሁሉ። ንጹሕ ነው፣ ከቧንቧ የመጣ ነው። ልብስ ማጠቢያ ይሆናል። ውሰዱት ብዬ ነው።»

ናዲያ በራቸው ላይ መጋረጃውን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። «ዓሣው የተወውን ነው የሚሰጡን?» አለች። ሁልጊዜ እርስዎ ነው የምትለው፤ በዕድሜ ብዙም አይበልጣትም፣ ግን ዛሬ ቃሉ እንደ በር ተዘጋበት። መልስ ሳትጠብቅ ገባች። ሬድዋን «ተዋት፣ ደክሟት ነው፤ ልጅቷም አላስተኛቻትም» ብሎ ተከትሏት ገባ። ቱቦው መፍሰሱን ቀጠለ።

ዞር ሲል እናቱ በረንዳው ላይ ናቸው። ነጠላቸውን አውልቀው ሻሽ ብቻ አስረዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላየም። በዓይናቸው ወደ ውስጥ ጠሩትና ኮሪደሩ ላይ፣ ከአባቱ ፎቶግራፍ ሥር፣ ፊት ለፊት ቆሙ።

«እኔ ነኝ እማዬ። ውሃሽን የጨረስኩት እኔ ነኝ» አለ።

«አውቃለሁ።»

መጀመሪያ የሰሙት ሌላ ነገር መሰለው። እሳቸው ግን ደገሙት። «አውቃለሁ አልኩህ። ቱቦህ ከአልጋዬ ሥር ነው የሚያልፈው። ስትከፍተውም ስትዘጋውም እሰማዋለሁ።»

«ታዲያ እነሱን ለምን…»

«እነሱ ሌላ ቤት ያገኛሉ» አሉ። ስልክ ላይ የሚጮኸው ያ ድምፅ አሁን ሹክሹክታ ሆኗል። «አንተ ሌላ ምን አለህ? ሚስትህ ከሄደች በኋላ የት የት ታመሽ እንደነበር፣ ማን ደግፎ ያመጣህ እንደነበር ረሳኸው? እኔ አልረሳሁም። ይኼ ነገር ቤት ከገባ ወዲህ በጊዜ ትገባለህ፣ ከፊቱ ቁጭ ትላለህ። ውሃው ሥሬ ሲፈስ ስሰማ ልጄ ቤት ነው እላለሁ፤ እተኛለሁ። ውሃ በዛ፣ ተው ብልህ፣ ሣጥኑን ብታወጣው… ከዚያስ?» የሻሻቸውን ጫፍ አጠበቁ። «እናት ነኝ። እንዲወጡ የመረጥኩት እነሱን ነው።»

ሊቆጣ አስቦ ነበር፤ ቁጣው የሚይዘው ነገር አጣ። ይህን ሁሉ ጊዜ በሩን ዘግቶ ብቻውን የተቀመጠ መስሎት ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሰው ጆሮውን ጥሎ ሲጠብቀው ኖሯል። እጃቸውን ያዘ። እጅ መያያዝ በመካከላቸው የተለመደ ስላልነበር ሁለቱም ትንሽ ተጨነቁ።

«በነሱ ግን አይሆንም እማዬ። በሕፃን ልጅ ማሳበብ አይሆንም። ቢጫዋን ለጆኒ እመልሳለሁ፣ ከሌሎቹም እቀንሳለሁ። ጥቂት ሲሆኑ ውሃውም ይበቃል። ሣጥኑ የትም አይሄድም። እኔም በጊዜ እገባለሁ።»

«ማለት ቀላል ነው» አሉ። እጃቸውን ግን አልነጠቁትም።

የተከራዮቹን በር ሲያንኳኳ እስከ ዛሬ አንኳኩቶት እንደማያውቅ ልብ አለ፤ ጉዳይ ሲኖረው ከግቢው መካከል ሆኖ ነበር የሚጣራው። ክፍሉ አንድ ነው። አልጋ፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ፣ በካርቶን የተደራረበ ጫማ፣ ጥግ ላይ ከጎረቤት የመጣው ውሃ በክዳን ተሸፍኖ። ሬድዋን ወንበር ሊለቅለት ተነሣ። አልተቀመጠም። እንዳይወጡ ለመነ፤ እናቱም እንደሚያውቁ፣ ጥፋቱ የሱ እንደሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሌላ እንደሚሆን ተናገረ። እናቱ ያሉትን ሁሉ አልተናገረም፤ ያ የሳቸው ነው።

ሬድዋን አንገቱን ነቀነቀ። «እኔ ቂም የለኝም። ሰው ይሳሳታል። ግን ውሃውን ስትቀዳ የከረመችው እሷ ናት። እሷን ጠይቃት።»

ናዲያ ሕፃኗን አዝላ ጨርቅ ታጥፍ ነበር። ያጠፈችውን አስቀመጠች። «መጀመሪያ ልየው» አለች። «ውሃችንን የጠጣውን ልየው።»

ስለዚህ ናዲያ ወደ ሳሎኑ ገባች። ጫማዋን በረንዳው ላይ አወለቀች፤ ዘመንፈስቅዱስ ግድ የለም ቢላትም አወለቀች። ከሣጥኑ ፊት ቆማ ለረጅም ጊዜ አየች። ሰማያዊው መብራት ፊቷ ላይና በትከሻዋ አሻግራ በምትመለከተው ሕፃን ፊት ላይ ይወዛወዛል። ያልተከደኑት ኮራሎች ክንዳቸውን ዘርግተው ውሃው ሲነካቸው ያዘነብላሉ። ብርቱካንማዎቹ ገቡ፣ ወጡ። ዘመንፈስቅዱስ አንድ ነገር ለመናገር፣ ይህ እንስሳ ነው፣ ይሄኛው ከድንጋይ ላይ የበቀለ ነው ለማለት ፈለገና ተወው።

«ያምራል» አለች። ከዚያ ዞር ሳትል፣ «ሁለት ዓመት ከግድግዳው ወዲያ ኖሬያለሁ። ሞተሩን ብቻ ነው የማውቀው። ወፍጮ ነው ይመስለኝ ነበር። አንድም ቀን ግቢና እዪ አላላችሁኝም።»

እናቱ ከኮሪደሩ መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ብንቆይ» አለች ናዲያ አሁን ወደ እነሱ ዞራ፣ «እኛ የተረፈ ውሃ አንፈልግም። ቁልፉ ከቧንቧው ይነሣ፤ እንደ ሰው በተራችን ከቧንቧው እንቅዳ። የተረፈውን እናንተ ታጠቡበት።»

ዘመንፈስቅዱስ እናቱን አየ። ወይዘሮ በለጡ በዚህ ቤት አርባ ዓመት ሲያዙ ማንም እንዲህ አድርጉ ብሏቸው አያውቅም። አገጫቸው ትንሽ ቀና አለ። ከግቢው ውሃው ድስት ውስጥ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ከዚያ ከመቀነታቸው የቁልፍ ዘለላውን ፈቱ፣ ከመካከሉ ትንሿን ቁልፍ በጥፍራቸው አላቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ለተክለብርሃን ደውዬ ተወው እለዋለሁ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለቁልፏ የሚነግሩ ይመስል። የሶፋውን ዳንቴል በመዳፋቸው አስተካከሉ።

«ቆመሽ ቀረሽ እኮ» አሏት። «ልጁን አውርጂውና ተቀመጪ።»

«ሴት ናት» አለች ናዲያ።

የወይዘሮ በለጡ እጅ ዳንቴሉ ላይ እንዳለ ቀረ። በግቢያቸው የተወለደች ልጅ ናት። ጨርቋ ገመድ ላይ ሲሰጣ በየቀኑ ያያሉ፤ ስታለቅስ ይሰማሉ። «ሴት ናት» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ቀና አሉና፣ «ስሟስ? ማን አላችኋት?»

ናዲያ ማዘያዋን ፈታች፣ ልጇን ወደ ፊት አዙራ ደረቷ ላይ አደረገች፣ ሶፋው ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ከዚያ ነገረቻቸው።